የካፋ ደን ነፍሳት

የካፋ ደን ነፍሳት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በቦንጋ ከተማ ዙሪያና በካፋ ዞን በተንሰራፋው እርጥበታም ደን፣ በረግረጉና በወንዙ ዳር የሚኖሩ፣ አካላቸው በራስ፣ በደረትና በሆድ የተከፈለ፣ ስድስት እግር ያላቸው ደቃቃን ፍጡራን ናቸው። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ስመ ጥር ያደረገው የጫካ ቡና ቢሆንም፣ አበባውን ከማዳቀል አንሥቶ የወደቀውን ግንድ ወደ አፈር እስከ መመለስ ድረስ የሚደክሙት እነዚህ ስለሆኑ፣ ዝናውን ለቡና ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይመስላል።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን በክንፍ የሚበሩትን ከዕለተ ሐሙስ ፍጥረታት ጋር ይቆጥሯቸዋል፤ ከእነዚህም መካከል በካፋ ምድር ቀዳሚውን ማዕረግ የያዘችው ያለ ጥርጥር ንብ ናት። ንብ አርቢው ከእንጨትና ከሐረግ ያበጀውን ረጅም ቀፎ በጢስ አጥኖ፣ በገመድ እየታገዘ ከታላቅ ዛፍ ላይ ከሰቀለው በኋላ፣ መንጋው በገዛ ፈቃዱ መጥቶ እስኪገባበት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ግራዋ በበጋ፣ ጌተም በበልግ፣ ብሳናም በክረምቱ መግቢያ ሲያብቡ፣ እያንዳንዳቸው ለማሩ የየራሳቸውን መልክና ጣዕም ስለሚሰጡት፣ የጌተሙ ማር ነጭ፣ የግራዋው ግን ጠቆር ያለና መረር የሚል ይሆናል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ንብ አርቢ፣ ምንም እንኳ ዕውቀቱን በብራና ባያሰፍረው፣ የሥነ ነፍሳት ሊቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የንብ ዘመድ የሆነችው ጣዝማ የምትናደፍበት መርዝ የላትም። ጎጆዋን ከመሬት በታች ሠርታ፣ ማሯንም በሰምና በሙጫ በተበጁ ትንንሽ እንስራዎች ስለምታኖር፣ ፈላጊው ፀሐይ ሞቅ ሲል አጎንብሶ፣ ጥቋቁር ደቃቃን ንቦች የሚገቡባትንና የሚወጡባትን፣ ከጣት የጠበበች ቀዳዳ እስኪያገኝ ድረስ መሬቱን በዓይኑ ይመረምራል። ማሯ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ሲሆን፣ ለሳልና ለጉሮሮ ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ ስለሚታመን ከተራው ማር ይልቅ በውድ ይሸጣል።

ቡናው፣ ዝናም ጠብ ካለ ከሳምንት በኋላ ገደማ፣ ነጭ አበባውን ለጥቂት ቀናት ብቻ ይዘረጋል፤ በራሱ ብናኝ ሊዳቀል የሚችል ተክል ቢሆንም፣ ንብ ሲጎበኘው የሚይዘው ፍሬ ይበረክታል። ጠላቱም ከዚያው ወገን ነው። በፍሬው እምብርት፣ አበባው በረገፈበት ጫፍ ላይ፣ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ቢታይ፣ ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር የማይሞላ ጥቁር ጢንዚዛ፣ ሰርሳሪዋ፣ ገብታ እንቁላሏን ጥላለች ማለት ነው፤ ወንዱም መብረር ስለማይችል እተወለደበት ፍሬ ውስጥ ኖሮ ይሞታል። ትውልዷ ከለቀማ በተረፈው ደረቅ ፍሬ ውስጥ ተጠልሎ ለመጪው ዓመት ስለሚሸጋገር፣ የረገፈውን ለቅሞ ማስወገድ ከሁሉ የቀለለ መከላከያ ነው።

ከቢራቢሮዎች ወገን አንዱ እንግዳ ጠባይ አለው። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የተባለው ዝርያ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች እንስቲቱ ወፎች የሚጠየፏቸውን መራራ ቢራቢሮዎች መስላ ስትገኝ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተባዕቱ ቢጫና ጥቁር ሆና፣ ባለ ጭራ ክንፏን ይዛ ትኖራለች። ይህ የኢትዮጵያ ንዑስ ዝርያ የተሰየመው በ1874 ዓ.ም. በሸዋ፣ በልጥ ማረፊያ ባረፈው ኢጣሊያዊ ተመራማሪ በኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ነው። የካፋን ስም የያዘው ደግሞ ካርሎ ኮንሲሊዮ እ.ኤ.አ. በ1978 የገለጸው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፣ ፕሴውዳግሪዮን ካፊኑም የተባለው ቀጭን የውኃ ተርብ ነው። የውኃ ተርቦች ዕጮች ዕድሜያቸውን በውኃ ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ የየወንዙ ንጽሕና በእነርሱ ይመዘናል፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በ2007 ዓ.ም. በካፋ ባካሄደው የብዝኃ ሕይወት ጥናትም ከተመዘገቡት ወገን ነበሩ።

ጉንዳን በሰልፍ ሲወጣ ራቅ ብሎ ቢመለከቱት ይበቃል፤ ቤት ቢገባም ባለቤቱ ለጥቂት ሰዓት ይለቅለታል እንጂ አይታገለውም፣ በረሮውንና ሌላውን ተባይ ጠርጎ ይወጣልና። ወደ ጎጀብ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከብት ይዞ ከሆነ፣ የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈውን ዝንብ አስቀድሞ ይወቃት፤ ስታርፍ ክንፎቿን አንዱን በሌላው ላይ አነባብራ በጀርባዋ ላይ ስለምታጥፋቸው፣ ከቤት ዝንብ ለመለየት አታስቸግርም።