ወንጪን በእግር መዞር፦ ከመውረዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ የምታዩት የወንጪ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ፣ ከአፋፉ ላይ ሆኖ የተቀረጸ ነው። ሰማያዊ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ ደሴት፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ተዳፋት። ቪዲዮው የማያሳያችሁ ነገር ቢኖር፣ እዚያ ታች የወረደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ ነው።

ወንጪ ላይ ሙሉ ዙር በእግር መሄድ ይቻላል። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ከዚያም ወደ ማዶ ትሻገራላችሁ፣ በሸለቆው በኩል ወደ ፍል ውሃዎቹ ትሄዳላችሁ፣ በመጨረሻም በእርሻና በዛፎች መካከል ተመልሳችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በጣም ያምራል፤ ግን ቀላል አይደለም። ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉትና ከመሄዳችሁ በፊት ከጓደኞቻችሁ ጋር አንብቡት።

📍 የት ነው?

ወንጪ ያለው በኦሮሚያ ክልል ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን፣ በወሊሶና በአምቦ መካከል ነው። ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩልም በአምቦ በኩልም ይኬዳል፤ ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በኦሮምኛ «ሃሮ ወንጪ» ይባላል፤ «ሃሮ» ሐይቅ ማለት ነው።

ሐይቁ ያረፈው በድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው። ፍል ውሃዎቹም የመጡት ከዚሁ ነው፤ ከመሬቱ ሥር ያለው ሙቀት እስካሁን አልጠፋም። የወንጪ ከፍተኛ ጫፍ ከባህር ጠለል በላይ 3,386 ሜትር ሲሆን ሐይቁ ደግሞ ወደ 2,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋርም «ገበታ ለሀገር» በሚባለው ፕሮጀክት ውስጥ የገባ ነው።

⛰ ወጥመዱ ምኑ ላይ ነው?

እንጦጦን ወይም ሌላ ተራራ ስትወጡ ዳገቱ መጀመሪያ ይመጣል። ጉልበት ካጣችሁ መሃል ላይ ትመለሳላችሁ፤ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ ችግር የለም። ወንጪ ግን የተገለበጠ ተራራ ነው። ቁልቁለቱ ጠዋት፣ ዳገቱ ማታ ነው። ስትወርዱ ሁሉም ይስቃል፣ ሁሉም ፎቶ ይነሳል፤ «ይሄማ ምን አላት» ይባላል። ሒሳቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃው ካለቀ፣ እግር ከዛለና ፀሐይ ካዘቀዘቀ በኋላ።

ቁጥሩን እንየው። በሐይቁና በከፍተኛው ጫፍ መካከል ወደ 500 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ። አዲሱ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ደራርባችሁ ከመውጣትም ይበልጣል። የምትነሱበት ቦታ ከጫፉ ዝቅ ስለሚል ያን ሁሉ ላትወጡ ትችላላችሁ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሸለቆው ቁልቁል በራቃችሁ ቁጥር ዳገቱ ይረዝማል።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ያከብዱታል።

አንደኛው አየሩ ነው። 3,000 ሜትር አካባቢ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባህር ጠለል ላይ ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። የአዲስ አበባ ልጅ ትንሽ ይለምደዋል፤ ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ ወይም ከዱባይ በቅርቡ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ግን በእሱ ፍጥነት ሂዱ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመረው «ጽና» አትበሉት፤ ይረፍ፣ ካልተሻለው ወደ ታችኛው ከተማ ውሰዱት።

ሁለተኛው እግራችሁ ነው። ቁልቁለት ትንፋሽ አያስጨርስም፤ ግን የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም በዝምታ ይጎዳል። ዳገቱ ጋ ስትደርሱ እግራችሁ ገና ጠዋት እንደነበረው አይደለም። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅታችሁም ለዚህ ነው።

⏰ ቀኑን ከመጨረሻው ጀምራችሁ አስሉ

ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ወንጪ አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ሻይ መጠጣት አለባችሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦

• የመጨረሻው ዳገት ለደከመ ቡድን እስከ 2 ሰዓት ይስጡት → ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዳገቱ ሥር መድረስ
• የሸለቆው ጉዞና የፍል ውሃው እረፍት 2 ሰዓት → 7 ሰዓት ላይ ማዶውን ለቅቆ መነሳት
• ጀልባ፣ ደሴትና ምሳ 2 ሰዓት → 5 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር መሆን
• መውረጃው ከፎቶው ጋር ከ1 ሰዓት በላይ → ከአፋፉ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት
• ከአዲስ አበባ መነሻ → ከንጋቱ 12 ሰዓት

እናንተ በራሳችሁ መንገድ ማስላት ከፈለጋችሁ፣ ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ቀላል ቀመር አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ። ለምሳሌ 12 ኪሎ ሜትርና 450 ሜትር ዳገት ማለት 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ሲደመር 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ነው። ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው። ከጓደኛ ጋር፣ ፎቶ እየተነሱና ጀልባ እየጠበቁ ከሆነ በእጥፍ አስቡት።

🛑 የውሳኔው ቦታ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ። በዙር ጉዞ ላይ ግማሹን ካለፋችሁ በኋላ «እንመለስ» ማለት አይጠቅምም፤ ወደ ኋላውም ወደ ፊቱም እኩል ይርቃል። ስለዚህ ውሳኔው ከዚያ በፊት መወሰን አለበት። ወንጪ ላይ ያ ቦታ ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ሸለቆው ከመግባታችሁ በፊት ያለው የማዶ ዳርቻ ነው።

እዚያ ስትደርሱ ሰዓት እዩ። 8 ሰዓት ካለፈ፣ ዝናብ ከጠቆረ፣ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ እያነከሰ ከሆነ ሸለቆውን ተዉት። በዚያው ጀልባ ተመልሳችሁ በወረዳችሁበት መንገድ ውጡ፤ የምታውቁት መንገድ ነው፣ ሰውም ፈረስም አይጠፋበትም። ፍል ውሃው የትም አይሄድም። ይህን ሕግ ጠዋት ሁሉም ባለበት ተስማሙበት፤ እዚያ ደርሶ መከራከር ሰዓት ይበላል።

🌾 በሰው ጓሮ ውስጥ ነው የምታልፉት

የወንጪ መንገድ ፓርክ ውስጥ የተሠራ መንገድ ብቻ አይደለም። ብዙው ክፍል ገበሬው ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ውሃ የሚሄድበት የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ገብስ፣ ድንችና እንሰት ነው።

እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ግን የሚበላው ፍሬው ሳይሆን ከግንዱና ከሥሩ የሚዘጋጀው ቆጮ ነው። አንድ ተክል ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ለፎቶ ብላችሁ አንዱን ብትሰብሩት የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ሰበራችሁ ማለት ነው። ቅጠሉን እንኳን ሳትጠይቁ አትቁረጡ።

«አካም ጅርቱ» (እንደምን አላችሁ) እና «ገለቶማ» (እናመሰግናለን) የሚሉትን ሁለት የኦሮምኛ ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። ትልቅ ሰው ስታናግሩ ለወንድ «ኦቦ»፣ ለሴት «አዴ» በሉ። ሰውን ከመቅረጻችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሕፃናትን ደግሞ ወላጅ ሳይፈቅድ አትቅረጹ። ደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ነው፤ አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትገቡ ጫማ አውልቁ፣ ድምፅ ቀንሱ።

ከላይ ወደሚገኙት ዛፎች ስትጠጉ ጥድ፣ ኮሶና አስታ ታያላችሁ። ዕድል ከቀናችሁ ጉሬዛም ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል። ምግብ አትስጡት።

🐴 አስጎብኚ፣ ፈረስና ጀልባ

አስጎብኚ ያዙ። ከሐይቁ በኋላ ያሉት መንገዶች ብዙ ቦታ ይከፈላሉ፤ የትኛው ወደ አፋፉ፣ የትኛው ወደ ሰው ግቢ እንደሚያስገባ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። የምትከፍሉትም ገንዘብ እዚያው ይቀራል።

ፈረስ ካሰባችሁ ለመውረጃው አትከራዩ፤ ቁልቁለት ላይ ለእናንተም ለፈረሱም አይመችም። የሚጠቅማችሁ ለመጨረሻው ዳገት ነው። ስለዚህ ጠዋት ላይ ዋጋውን፣ የሚጠብቃችሁን ቦታና ሰዓቱን ተነጋገሩ። ደክሟችሁ ዳገት ሥር ቆማችሁ ዋጋ መከራከር ለማንም አይሆንም።

ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ሳታጠልቁ አትውጡ፣ ከልክ በላይ ሰው ከተጫነ ቀጣዩን ጠብቁ። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቅርባችሁ፤ ከዳሩ ትንሽ እንደራቀ ይጠልቃል፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው።

🎒 ምን ይያዝ?

• ለአንድ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውሃ። ግማሽ ሊትሩ ለዳገቱ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት አይነካም።
• ሶሉ ያላለቀ ጫማ። ለስላሳ ስኒከር ጭቃ ላይ በረዶ ነው።
• ሹራብና የዝናብ ልብስ፤ ፀሐይ ስትሸሽ ቶሎ ይበርዳል።
• ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ፤ ጉልበት የሚሰጥ ነገር።
• ፓወር ባንክና ትንሽ ባትሪ።
• በእጅ የሚያዝ ብር፤ ታች ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ቴሌብር አይሠራም።

📱 ስልካችሁ

ካርታውን ከቤት ሳትወጡ ኦፍላይን አውርዱ። ጂፒኤስ ያለ ዳታም ያለ ሲምም ይሠራል፤ የሚጠፋው ካርታው ነው። ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ከቡድኑ አንድ ስልክ ጠዋት በኤርፕሌን ሞድ አድርጋችሁ ለማታ አስቀምጡ። ለአንድ ቤት ለቀረ ሰው በየት እንደምትሄዱና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ጽፋችሁ ላኩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

🌦 መቼ ይሻላል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መስከረም መሬቱ በጣም ያምራል፤ ጭቃው ግን ገና አልለቀቀም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙሉ ዙሩን ባትሞክሩት ይሻላል። በማንኛውም ወቅት የሸለቆው ውሃ ደፍርሶ ከጉልበት በላይ ከሆነ አትሻገሩ።

የመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ ሊቀያየር ይችላል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አስጎብኚውን ወይም በመስመሩ የሚሠሩ ሹፌሮችን ጠይቁ። «ቆዩ» ከተባላችሁ ቆዩ።

በመጨረሻ፦ ወንጪ ላይ ጎበዝ የሚባለው ቀድሞ ሐይቁ ዳር የደረሰው ሳይሆን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከነጓደኞቹ አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚያየው ነው። ቪዲዮውን ያኔ ቅረጹት።

አብሯችሁ ለመሄድ ላሰበ ጓደኛ ሼር አድርጉለት።