ማሽን እንደ ሕፃን ሲማር

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ታውቃላችሁ። ገና መቀመጥ የጀመረ ሕፃን ማንኪያ ይጥላል፤ ታነሡለታላችሁ፤ መልሶ ይጥላል። አሥር ጊዜ ብታነሡለት አሥር ጊዜ ይጥላል። እናንተ ትሰለቻላችሁ እንጂ እርሱ አይሰለችም። የሚያስብ ማሽን መሥራት ከተፈለገ ጅማሬው እንዲህ ዓይነቱ ሕፃን ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ አንድ የሒሳብ ሊቅ ነበር።

ሰውየው እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክቶች ከፈቱት ሊቃውንት አንዱ ሲሆን፣ በ1950 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) «ማይንድ» በተባለ የፍልስፍና መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። የአዋቂን አእምሮ የሚመስል ፕሮግራም ለመጻፍ ከመድከም የሕፃንን አእምሮ የሚመስል ሠርቶ ማስተማር ይሻላል አለ። የሕፃን አእምሮ በእርሱ ግምት ከሱቅ እንደተገዛ አዲስ ደብተር ነው፤ አብዛኛው ባዶ ገጽ ነው። ማሽኑ እግር ስለማይኖረው ከሰል አምጣ ተብሎ ሊላክ እንደማይችል፣ ትምህርት ቤት ቢገባም ልጆች እንደሚያላግጡበት ሳይቀር አስቦ ነበር። እግርና ዓይን ባይኖረውም ግን አልተጨነቀም። ማየትም መስማትም የማትችለውን ሄለን ኬለርን ጠቅሶ፣ አስተማሪና ተማሪ በሆነ መንገድ እርስ በርስ መግባባት ከቻሉ ትምህርት ይኖራል ብሎ ተከራከረ።

በዚያው ጽሑፍ «ማሰብ የነፍስ ሥራ ነው፤ ነፍስን የሚሰጥ ደግሞ እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ተቃውሞም አንሥቷል። ራሱ በሥነ መለኮት ክርክር የሚረታ ሰው አልነበረም። ሆኖም እንዲህ ዓይነት ማሽን የሚሠራ ሰው፣ ልጅ ከሚወልዱ ወላጆች ይበልጥ የፈጣሪን ሥልጣን አይሻማም ሲል መለሰ። መልሱ ያጠግባል ወይስ አያጠግብም በኅብረታችሁ ተከራከሩበት። እኔን ያስገረመኝ እዚህም ላይ ምሳሌው ልጅ መሆኑ ነው።

ይሁንና ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሕፃኑን ትተው አዋቂውን ተከተሉ። ቼዝ፣ የሒሳብ ማረጋገጫና ሎጂክ ዋና ሥራቸው ሆነ። ማየትማ ቀላል መሰላቸው፤ በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. በ1966 ኮምፒውተር በካሜራ ያየውን ነገር ለይቶ እንዲያውቅ የማድረጉ ሥራ ለተማሪዎች የአንድ ክረምት ሥራ ሆኖ ተሰጠ። የፈጀው ግን አሥርተ ዓመታት ነው። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን ሲያሸንፍ ዓለም ተደነቀ። ጠጠሮቹን አንሥቶ የሚያስቀምጥለት ግን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነበር። ማንኪያ የሚጥለው ሕፃን የሚያውቀውን ማንሣትና መልቀቅ ያ ታላቅ ማሽን አያውቀውም።

ሕፃኑ የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1993 ሮድኒ ብሩክስ በዚያው በኤም.አይ.ቲ. «ኮግ» የሚባል ራስና ክንድ ያለው ሮቦት መሥራት ጀመረ። አካል የሌለው አእምሮ ዓለምን አይማርም የሚል እምነት ነበረው። ሲንቲያ ብሬዚል ደግሞ ቅንድብና ጆሮውን የሚያንቀሳቅስ፣ የሚናገረውን ሰው የድምፅ ቃና ሰምቶ ፊቱን የሚለውጥ «ኪዝሜት»ን ሠራች። በ2004 አውሮፓውያን በጀመሩት ፕሮጀክት በጣሊያን ጄኖቫ የተሠራው «አይከብ» ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ፣ መጠኑ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ያህል ነው። 53 የሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች አሉት።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ግን በፓሪስ የሶኒ ላቦራቶሪ የተደረገውን ሙከራ ነው። ፒየር ኢቭ ኡዴዬና ፍሬደሪክ ካፕላን «አይቦ» የተባለውን የውሻ ቅርጽ ያለው ሮቦት በሕፃናት መጫወቻ ምንጣፍ ላይ አኖሩት። የሚነከስ ነገር ነበረ፤ በእግር ሲመታ የሚወዛወዝ ነገር ነበረ፤ ድምፅ ሲያሰማ ድምፅ የሚመልስለት ሌላ ሮቦትም አጠገቡ ቆሟል። ይህን ሥራ፣ ያንን ተው ያለው ማንም የለም። የተሰጠው አንድ ዝንባሌ ብቻ ነው። ከመንቀሳቀሱ በፊት ምን እንደሚከተል ይገምታል፤ ከዚያም ስሕተቱ ከሙከራ ወደ ሙከራ ፈጥኖ ወደሚቀንስበት ሥራ ያዘነብላል።

ዝንባሌው ለምን «አዲስ ነገር ውደድ» አልሆነም ትሉ ይሆናል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጣቢያ ጠፍቶበት ከሚንሿሿ ቴሌቪዥን ፊት ተተክሎ ይቀር ነበር፤ ያ ነጠብጣብ ሁልጊዜ አዲስ ነው፣ የሚማሩበት ግን ነገር የለውም። (ስልክ ሲያገላብጡ ያመሹ ይህን በቀላሉ ይረዱታል።) አይቦ ግን የለመደውንም፣ ሊለመድ የማይችለውንም ይተዋል። መጀመሪያ እንዲሁ ተንፈራገጠ። ቀጥሎ መንከስን ለብቻው፣ መምታትን ለብቻው ያዘ። ቆይቶ የሚነከሰውን መንከስ፣ የሚወዛወዘውን መምታት፣ ወደ ጎረቤቱም ድምፅ ማሰማት ጀመረ። አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው አለፈ፤ ቅደም ተከተሉንም የጻፈለት ሰው አልነበረም።

ምንጣፉን የዘረጉት ግን ሰዎች ናቸው። የሚነከሰውን መርጠው ያስቀመጡለት፣ ድምፅ ሲያሰማ ዝም እንዳይባል ሁለተኛውን ሮቦት አጠገቡ ያቆሙለትም እነርሱ ናቸው።