የጽሑፍ ስርቆት በጋዜጣ ዘገባ፦ ምንነቱ፣ መለያው እና የአንባቢው ድርሻ

ደብረ ብርሃን፦ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገሮችን ያምናል። አንደኛው ጋዜጠኛው ስፍራው ድረስ ሄዶ ተመልክቷል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዘገባው ስማቸው የተጠቀሰው ሰዎች ቃላቸውን የሰጡት ለዚያው ጋዜጠኛ ነው የሚል ነው። ዘገባው ከሌላ ሰው ሥራ በድብቅ ተቀድቶ ሲወጣ ሁለቱም እምነቶች ይፈርሳሉ። ይህ ጽሑፍ የጽሑፍ ስርቆት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚለይ እና ሲገኝ እንዴት መጋለጥ እንዳለበት ያስረዳል።

ምንነቱ

የጽሑፍ ስርቆት ማለት ሌላ ሰው የደከመበትን ጽሑፍ፣ ቃለ መጠይቅ ወይም ፎቶግራፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ቃል በቃል መገልበጥ ብቻ አይደለም። የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ጠብቆ ጥቂት ቃላትን መቀያየር፣ ከእንግሊዝኛ ተርጉሞ የራስን ስም ማኖር፣ ሌላ ጋዜጠኛ ያነጋገረውን ሰው ራስ እንዳነጋገሩት አድርጎ መጻፍም ስርቆት ነው።

ሁለት ጋዜጦች ስለ አንድ ጉዳይ መዘገባቸው ግን ስርቆት አይደለም። የገብስ ዋጋ መጨመሩ ወይም መንገድ በናዳ መዘጋቱ የማንም የግል ሀብት አይደለም። የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎት ያሰራጨውን ዜና ስሙን ጠቅሶ ማተምም የተለመደ አሠራር ነው። የመሥሪያ ቤት መግለጫ በጋዜጠኛ ስም ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መግለጫውን የላከው መሥሪያ ቤት ላይከፋ ይችላል፤ አንባቢው ግን የሚያነበው የመሥሪያ ቤቱን ቃል እንጂ የተጣራ ዘገባ አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

አርሶ አደሩን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ገብስ የሚበቅልባት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያሰጋት ደጋ ናት። በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው አንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከብርዱ አገር ሞቃታማው አገር ይደርሳል። በዚህ ዓይነት መልክዓ ምድር የዘር ወቅት፣ የሰብል በሽታ እና የዝናብ ሁኔታ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያሉ። ከዞኑ ወረዳዎች በበልግ የሚያርሱ አሉ፤ መኸርን ብቻ የሚጠብቁም አሉ።

ለሌላ አካባቢ የተጻፈ የግብርና ምክር የቦታው ስም ተፍቆ፣ ቀኑም ተለውጦ ለሰሜን ሸዋ እንደተጻፈ ቢቀርብ ጉዳቱ ማሳ ላይ ይደርሳል። ጽሑፉ በመጀመሪያ የወጣበት ቀን ከጠፋ፣ ካለፈው ዓመት የተቀዳ «በዚህ ሳምንት ዝሩ» የሚል ቃል ዘንድሮም ትክክለኛ ይመስላል። ምንጩ ቢጠቀስ ኖሮ አርሶ አደሩ ምክሩ የየት አገር እንደሆነ አውቆ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ በጠየቀ ነበር።

ሌላም ጉዳት አለ። አንድ ስህተት ያለበት ዘገባ በሦስት ጋዜጦች ምንጩ ሳይጠቀስ ሲወጣ፣ አንባቢው ሦስት ምስክሮች የተስማሙበት ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የተናገረው አንድ ምስክር ብቻ ነው።

ከዓለም የታወቀው አብነት

በዘርፉ በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካው «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ ጉዳይ ነው። ጄይሰን ብሌር የተባለው የጋዜጣው ዘጋቢ በሚያዝያ 2003 እ.ኤ.አ. ስለ አንዲት በቴክሳስ ስለምትኖር፣ ልጇ በኢራቅ ጦርነት ስለጠፋባት እናት ጽፎ ነበር። በ«ሳን አንቶኒዮ ኤክስፕረስ ኒውስ» የምትሠራው ማካሬና ሄርናንዴዝ ከእርሱ ቀድማ ወደዚያች እናት ቤት ሄዳ ዘግባ ስለነበር ጽሑፉ ከራሷ ሥራ የተወሰደ መሆኑን ተገነዘበች። በቀረበው አቤቱታ መነሻነት በተደረገው ማጣራት ዘጋቢው ወደ ስፍራው አለመሄዱ ተረጋገጠ፤ ግንቦት 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቀቀ። ጋዜጣው በዚያው ወር 11ኛ ቀን 7 ሺህ 200 ቃላት የሚደርስ ዝርዝር ማጣሪያ አውጥቶ ስህተቱን ለአንባቢዎቹ አስታወቀ። በቀጣዩ ወር ሁለቱ ከፍተኛ አዘጋጆችም ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት፣ ስርቆቱን ያጋለጠው ስፍራውን በዓይኗ ያየች ጋዜጠኛ መሆኗ፣ ጋዜጣውም ጥፋቱን ራሱ መርምሮ ማተሙ ነው።

መለያ ምልክቶች

የተቀዳ ዘገባ ብዙ ጊዜ አሻራ ይተዋል። ከሁሉ የሚበረታው የጋራ ስህተት ነው። ሁለት ሰዎች ትክክለኛውን ነገር ለየብቻ ሊጽፉ ይችላሉ፤ የአንድ ቀበሌ ስም በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስቶ በሁለት ጋዜጦች ሲገኝ ግን አንዱ ከሌላው ወስዷል ተብሎ ሊጠረጠር ይገባል።

ከውጭ ቋንቋ ተተርጉሞ ምንጩ የተሸሸገ ጽሑፍ በዘመን አቆጣጠሩ ይታወቃል። በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተዛነፉ ዓመተ ምሕረቶች፣ ሐምሌን «በጋ» የሚል አገላለጽ፣ በሄክታርና በኩንታል ፈንታ የገባ ኤከርና ፓውንድ የባዕድ አሻራዎች ናቸው። ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ የከብቱ ዝርያ፣ የቤቱ አሠራር እና የሰዎቹ አለባበስ ቦታውን ያሳብቃሉ።

በዘገባው ቃላቸው የተጠቀሰ ሰዎች ራሳቸው የመጨረሻ ማረጋገጫ ናቸው። «ይህ ጋዜጠኛ አነጋግሮዎታል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይፈታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የሚጠብቀው የአገላለጹን መንገድ እንጂ ሐሳቡን ወይም ተራ መረጃውን አይደለም። ከታተመ ሥራ ተገቢ በሆነ መጠን መጥቀስ ይፈቀዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም ግን መገለጽ አለበት። መብቱን ሆን ብሎ መጣስ በእስራት ያስቀጣል።

ሕግና የሙያ ሥነ ምግባር ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣውን የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የመራው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለ አንኮበርና ስለ ሸዋ የጻፈውን መጽሐፍ በ1844 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳትሟል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት የተወሰነ በመሆኑ ዛሬ ከመጽሐፉ የሚቀዳ ሰው በቅጂ መብት ጥሰት አይከሰስ ይሆናል። ስሙን ሳይጠቅስ ገለጻውን የራሱ አስመስሎ ቢያወጣ ግን የጽሑፍ ስርቆት ፈጽሟል። አንባቢውም ቃሉ የአንድ የውጭ መልእክተኛ ዕይታ መሆኑን አውቆ የመመዘን ዕድሉን ያጣል።

ጥርጣሬ ሲኖር

አንባቢ ከመክሰሱ በፊት ሁለቱንም ጽሑፎች ከታተሙበት ቀን ጋር ይያዝ፤ የሚመሳሰሉትን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ሁለቱም ከአንድ መግለጫ አለመውሰዳቸውን ያጣራ። ከዚያም ለዋና አዘጋጁ በጽሑፍ ያቅርብ። ምላሽ ካላገኘ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ምክር ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የመብቱ ባለቤት የሆነው ጸሐፊ ወይም ተቋም ደግሞ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

የተጠረጠረው ጋዜጠኛም ማስረጃው ታይቶ፣ መልሱ ተሰምቶ እንጂ ስሙ በየገበያው ሊነሣ አይገባም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ችኮላ አያስፈልግም። በወረዳ የሚሠራ ዘጋቢ የመጓጓዣ እጥረት እንዳለበት የታወቀ ነው። ይህ ግን ወዳልሄደበት ቀበሌ እንደሄደ አድርጎ ለመጻፍ ምክንያት አይሆነውም። መሄድ ካልቻለ «እገሌ የተባለው ጋዜጣ እንደዘገበው» ብሎ ምንጩን ማስቀደም ይችላል።

ጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ጋዜጣው ማስተካከያ ማውጣት ይኖርበታል። ማስተካከያው የትኛው ክፍል ከየት እንደተወሰደ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ ማን እንደሆነ እና በዘገባው የነበረው ምክር ለአካባቢው የሚሠራ ወይም የማይሠራ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ መዘንጋት የለበትም፤ ምክሩን አምኖ ዘር ያዘጋጀ አርሶ አደር ሊኖር ይችላልና።