መቃብርም መሬት ይፈልጋል

የአገር አቅኚዎች ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው የታረሰው ማሳ፣ የተከፈተው ሱቅና የተዘረጋው ሐዲድ ነው። የሞቱትስ የት ተቀበሩ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ነገሩን ከመቃብሩ ልንጀምር ወደናል። እትብቱ ባልተቀበረበት አገር የሚኖር ሰው «አገሬ» ለማለት የሚደፍረው የመጀመሪያ ሬሳውን በክብር ያሳረፈ ዕለት ነውና። አብርሃም እንኳ በከነዓን መሬት የገዛው ለእርሻ ብሎ አልነበረም፤ ሣራን ለመቅበር ከኬጢያዊው ኤፍሮን መክፈላን በ400 ሰቅል ብር ገዛ እንጂ።

ምሳሌያችን የሎስ አንጀለስ ከተማ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ ከየአገሩ ከጎረፈው ሕዝብ መካከል ከጀርመንና ከፖላንድ የተሰደዱ አይሁድ ነበሩበት። ብዙዎቹ ወርቅ ከመቆፈር ይልቅ ለቆፋሪው ልብስና ሸቀጥ መሸጡን መረጡ። በ1850 በተደረገው ቆጠራ 1,610 ነዋሪ በነበራት ሎስ አንጀለስ የተመዘገቡት አይሁድ ስምንት ብቻ ነበሩ። ስምንቱም ላጤዎች።

ቁጥራቸው ጥቂት ከፍ ሲል፣ በ1854፣ የዕብራውያን በጎ አድራጎት ማኅበርን አቋቋሙ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ላባት ይባል ነበር። ዓላማቸው የተቸገረውን መርዳትና የሞተውን መቅበር ነው። መቼም ይህን ለእድርተኛ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም! ማኅበሩ በከተማይቱ የመጀመሪያው የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1855 ቻቬዝ ራቪን በሚባለው ሸለቆ ለመቃብር የሚሆን መሬት ከከተማው ምክር ቤት አገኘ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያን ጊዜ ራቢ የላቸውም፤ ምኩራብም የላቸውም። ጉባኤያቸው የተመሠረተው በ1862፣ የመጀመሪያው ምኩራብ የተሠራው ደግሞ በ1873 ነው። ታዲያ መቃብሩ ለምን ቀደመ? ነገሩ ግልጽ ነው። አሥር ወንዶች ከተሟሉ ጸሎቱ በኪራይ ክፍልም ይደርሳል። ሬሳ ግን በኪራይ ቤት አይቀበርም። በሕጋቸው ሟች ሳይውል ሳያድር መቀበር አለበት፤ የተቀበረም እንዲሁ በዋዛ አይነካም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የማይናወጥ መሬት ያስፈልጋል።

መሬቱ ግን በእርግጥ የማይናወጥ ነበር ወይ? «አቅኚ» የሚለው ቃል ራሱ ባዶ አገር የተገኘ ያስመስላል። ከተማዋ የተቆረቆረችው ግን የቶንግቫ ሕዝብ በሚኖርባት በያንግና መንደር አጠገብ ነው። በ1850 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ እንኳ ሥራ ፈት ተብሎ የተያዘ የአገሬው ተወላጅ ጉልበቱ በጨረታ እንዲሸጥ ፈቅዶ ነበር። ስደተኛው ነጋዴ ለሙታኑ ማረፊያ ባገኘበት ዘመን የመሬቱ ቀዳሚ ባለቤት በገዛ አገሩ ለጨረታ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳይጽፉ የመቃብሩን ታሪክ መጻፍ ግማሹን መተው ይሆናል።

ቆይቶም የነዳጅ ዘይት መጣ። በ1892 በከተማዋ ዘይት ከተገኘ ወዲህ የጉድጓዱ ቁፋሮ እየተስፋፋ አካባቢውን አበላሸው። በዚህ የተነሳ ከ1902 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት አጽሙ እየወጣ በከተማዋ ምሥራቅ ወደ ተከፈተው «የሰላም ቤት» መቃብር ተዛወረ። ለዘላለም የተባለው ማረፊያ ዕድሜው ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ብቻ ሆነ።

ሸለቆው ግን ባዶውን አልቀረም። ሌላ ቦታ ቤት መግዛት በአድልዎ የተከለከሉ የሜክሲኮ ተወላጆች ፓሎ ቨርዴ፣ ላ ሎማና ቢሾፕ የተባሉ ሦስት መንደሮች መሥርተው ኖሩበት። በ1950 ለሕዝብ የሚሆን ርካሽ መኖሪያ ቤት ይሠራል፣ ቅድሚያውም ለእናንተ ነው ተብሎ ልቀቁ ተባሉ። ከ1,000 በላይ ቤተሰቦች ነበሩ። የቤቱ ዕቅድ ግን «ኮሙኒስት» በሚል ውንጀላ ታንቆ በ1953 ገደማ ቀረ፤ መሬቱም ለቤዝቦል ቡድን ተሰጠ። በሜይ 1959 አልወጣም ያሉትን ፖሊስ እየተሸከመ አወጣቸው። ስታዲዮሙ በ1962 ተከፈተ።

ሁለቱን መፈናቀል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን እንያቸው። ሙታኑ ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ አዲስ መሬት አዘጋጅቶ አጽማቸውን በክብር አነሳ። ሕያዋኑ ግን የተገባላቸው ቃል ታጥፎ እቃቸው ሜዳ ላይ ተጣለ። ልዩነቱን ያመጣው ሀዘን ወይም እምነት አይደለም፤ የተደራጀ ሕዝብና የመሬት ውል ነው።

ያ የ1854 ማኅበር ስሙ ተለውጦ እስከ ዛሬ ችግረኛ ይረዳል። የቀድሞው መቃብር ስፍራም የካሊፎርኒያ ታሪካዊ ምልክት ቁጥር 822 ሆኖ ተመዝግቧል። ደግ ነው፤ ይገባዋል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ግን የድንጋዩን ጽሑፍ አንብበን ዞር ማለት የለብንም። ከቦታው ማን ቀድሞ ይኖር ነበር፣ በኋላስ ማን ተነሳ ብለን እንጠይቅ። ሥራችንም ይኸው ነው።