ሬዲዮው ገበሬውን መስማት የጀመረው መቼ ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ማዳበሪያም ስለ አረምም አይደለም፤ ስለ ሬዲዮ ነው። ይሄን የምታነቡት በስማርት ስልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ካርድ ሲያልቅ፣ ዛሬም ቤት ውስጥ የሚቀረው ድምፅ የሬዲዮ ነው። ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ሬዲዮ መቀመጫው እዚሁ አዳማ ስለሆነ ነገሩ የሩቅ አይደለም።

አገራችን ሬዲዮ የጀመረችው በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ ከአቃቂ ነው። ያኔ ሬዲዮ የቤተ መንግሥትና የከተማ ሰው ዕቃ ነበር። በ1955 ዓ.ም የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ብሥራተ ወንጌልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ፤ ከስብከቱ ይልቅ ለትምህርትና ለልማት የሚሰጠው ሰዓት ይበልጥ ነበር። በ1969 ደርግ ወረሰው። ትንሿ ትራንዚስተር ገጠር የገባችውም በእነዚህ ዓመታት ነው። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ዜና ያዳመጠ ሽማግሌ በየቀበሌው አይጠፋም። ሬዲዮ ገባ እንጂ መንገዱ የአንድ ወገን ነበር፦ ባለሙያው ይናገራል፣ ገበሬው ያዳምጣል። «ይሄ እኛ ጋ አይሆንም» የሚል ሰው የሚናገርበት ቀዳዳ አልነበረውም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። በ1975 እ.ኤ.አ ጆርጅ አትኪንስ የሚባል የካናዳ የግብርና ሬዲዮ ጋዜጠኛ ዛምቢያ ውስጥ ከአፍሪካ ጋዜጠኞች ጋር በአውቶቡስ ይጓዝ ነበር። «ለገበሬ ምን ታሰማላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ስለ ትራክተር ካንዴላ አያያዝ ፕሮግራም እንደሠራ ነገረው። ስንቱ ገበሬ ትራክተር አለው ሲባል ግን እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። በሬ ለሚጠምድ ሰው የካንዴላ ትምህርት! ሰውየው በዚህ ተነስቶ በ1979 እ.ኤ.አ ለአነስተኛ ገበሬ የሚሆኑ የፕሮግራም ጽሑፎችን ማዘጋጀት ጀመረ፤ መጀመሪያ በ26 አገሮች ላሉ 34 ጋዜጠኞች በፖስታ ላከ። እያንዳንዱ ጋዜጠኛ ጽሑፉን በራሱ ቋንቋና በአካባቢው ልማድ አስተካክሎ ያሰማል። ዛሬ ፋርም ሬዲዮ ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት የመጣው ከዚያ ነው፤ እኛም አገር ይሠራል።

አትኪንስ ካደገበት አገር አንድ ጥሩ ልማድ ነበር። ከ1941 እ.ኤ.አ ጀምሮ የካናዳ ገበሬዎች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ፕሮግራሙን ይሰማሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያሉትንም ጽፈው ለሬዲዮው ይልካሉ። ሕንድ በ1956 ይህንኑ በፑና አካባቢ 150 መንደሮች ላይ ሞከረችው። እኔ እንደማየው እኛ ይሄን ለመልመድ ምንም አይጎድለንም ነበር። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቶ ወሬ የሚሰለቀው በየቀኑ አይደለም እንዴ?

የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት፣ አሁን ኦቢኤን የምንለው፣ አዳማ ላይ ሥራ የጀመረው በ1998 ዓ.ም ነው። ለገበሬው ትልቁ ለውጥ የቋንቋው ነው። የበሽታና የመድኃኒት ስም በማያውቁት ቋንቋ ሲነገር ከግማሽ በላዩ በአየር ላይ ይቀራል፤ መጠኑ አንዴ ከተሳሳተ ደግሞ የሚቃጠለው ሰብሉ ነው። ቦታውም ጠቅሟል። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ቦሎቄና በቆሎ ላይ ይሠራል። በአሰላ መንገድ ላይ ለስንዴ ቁሉምሳ አለ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ደግሞ የቁንጮ ጤፍ የወጣበት የቢሾፍቱው ማዕከል። መቅረጫ የያዘ ጋዜጠኛ ጠዋት ወጥቶ ተመራማሪውንም ገበሬውንም አነጋግሮ ማታ ስቱዲዮ ይደርሳል።

ጤፍ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። በልማዱ ጤፍ ሲበተን በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር ይፈጃል። በ2004 እና 2005 ዓ.ም አካባቢ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ «ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃል፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ዝሩ» ብሎ ትልቅ ዘመቻ ጀመረ። ፋርም ሬዲዮም ከኤጀንሲውና ከክልል ጣቢያዎች ጋር ሆኖ ዘመቻውን በሬዲዮ አሰማ። ኤጀንሲው የጠበቀው የምርት ጭማሪ 70 በመቶ ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ ገበሬው ማሳ ላይ ሲለኩት ግን እንደ አለካኩ ከ2 እስከ 22 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጭማሪ አለ፤ የተባለውን ያህል አይደለም። ጉልበቱ ደግሞ ሌላ ነው። እንደ አሸዋ የደቀቀ ዘር ጎንበስ ብሎ በመስመር ማፍሰስ ስንት ሰው እንደሚፈልግ የዘራ ያውቀዋል፤ ልጆችና ሚስት ሳይቀሩ ማሳ ላይ ይውላሉ።

ሬዲዮ የሚፈተነው እንዲህ ያለው ነገር ላይ ነው። የፋርም ሬዲዮ አሠራር ገበሬው ራሱ አየር ላይ ወጥቶ «ሞክሬዋለሁ፣ እንዲህ ሆነብኝ» እንዲል ነው። ጥያቄ ይቀርብና የተስማማ ወደ አንዱ ቁጥር፣ ያልተስማማ ወደ ሌላው ሚስኮል ያደርጋል፤ ሂሳብ አይቆረጥም። በመስመር ዘርቶ ወገቡ የተቀነጠሰ ሰው ይሄን በሬዲዮ ሲናገር ጎረቤቱ ግማሽ ጥማድ ላይ ብቻ ሞክሮ ማየት ይችላል። የተሞገሰውን ብቻ ከሰማ ግን ሙሉ ማሳውን ይዘራና ሠራተኛ ሲያጣ ይከስራል።

ስንዴ ላይ ደግሞ ፈተናው የጊዜ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ ቢጫ ዋግ ቁብሳን መታ። በ2006 ዓ.ም ደግሞ ባሌ ውስጥ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ጨረሰው፤ ቢጫ ዋግን ስለሚቋቋም ብዙ ገበሬ የተማመነበት ዝርያ ነበር። ዋግ በነፋስ ነው የሚሄደው፣ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። መድኃኒት የሚያድነው ምልክቱ እንደታየ ከተረጨ ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ ቅጠሉ ላይ ያየውን ዛሬ ለጣቢያው ቢነግር፣ ከነፋሱ በታች ላለው ወረዳ የቀናት ዕድሜ ይገዛለታል።

8028 የመጣው በ2006 ዓ.ም ነው። በነፃ ይደወላል፤ ሲጀምር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ነበር። ሰብል መርጣችሁ ምክር ትሰማላችሁ፣ የዋግ ማስጠንቀቂያም ሲላክበት ቆይቷል። ሌሊት ስድስት ሰዓትም ቢሆን ይመልሳል፤ ይሄን ሬዲዮ አይችልም። ብቻችሁን የምትሰሙት መሆኑ ግን ጉድለቱ ነው። ከጎረቤት ጋር አብሮ የተሰማ ነገር ማሳ ላይ ያከራክራል፣ ይፈተሻል።

የሴቶቹም ጉዳይ አለ። በብዙ ቤት ሬዲዮውም ስልኩም ያለው አባወራው እጅ ነው፤ የማታው ፕሮግራም ሲጀምር እሷ ወይ ላም ታልባለች ወይ እራት ላይ ናት። ጎተራውንና ዘሩን የምትጠብቀው ግን እሷ ናት። ጣቢያዎቹ ሰዓት ለመቀየር ፈቃደኛ የሚሆኑት ተደውሎ ሲነገራቸው ነው፤ እናቶች፣ ደውሉ።

ስትደውሉ ወረዳና ቀበሌያችሁን፣ የዘራችሁትን ዝርያ፣ የዘራችሁበትን ቀን፣ ያያችሁት ምልክት የትኛው የተክሉ ክፍል ላይ እንደሆነና መቼ እንደጀመረ ተናገሩ። «ሰብሌ ታመመ» ብቻ ከተባለ ጋዜጠኛው ባለሙያ ፊት ይዞት የሚቀርበው ነገር የለውም። ፎቶ ካነሳችሁ ደግሞ ለቀበሌያችሁ ባለሙያ በዚያው ቀን ላኩለት።