በራስ ይዞታ ማመሳሰል

«ሲንክ አድርገው» የሚለው አነጋገር በስልክ ሱቅም በቢሮም ተለምዷል። አማርኛው «ማመሳሰል» ነው፤ አንድ ፋይል በስልክም በኮምፒውተርም ሲኖር በአንዱ ላይ የተደረገው ለውጥ ሌላው ላይም እንዲደርስ ማድረግ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚያውቀው በጉግል ድራይቭ ወይም በድሮፕቦክስ በኩል ስለሆነ፣ ማመሳሰል ሲባል ፋይልን ለአንድ ኩባንያ አስረክቦ በኢንተርኔት መልሶ መቀበል ይመስለዋል። ኩባንያ ሳይገባበትም የአንድ ሰው መሣሪያዎች እርስ በርስ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ባለሙያዎቹ «ሰልፍ ሆስትድ» የሚሉት ይህንን ነው፤ በአማርኛ «በራስ ይዞታ ማመሳሰል» ቢባል ይሻላል እላለሁ። «የግል ማመሳሰል» ቢባል ጉዳዩ ምስጢር መጠበቅ ብቻ ይመስላል፤ «በራስ ቤት» ቢባል ደግሞ ሰርቨር ተከራይቶ የሚጠቀመውን ያስቀራል። ይዞታ ከመሬት ጉዳይ የምናውቀው ቃል ነው። ባለይዞታ ነገሩን በእጁ ያደረገ፣ የሚጠቀምበት፣ ግዴታውም የሚመለከተው ሰው ነው። አዲሱን ስያሜ የሚረዳ አንባቢ ሁለቱን፣ መብቱንም ግዴታውንም፣ አብሮ እንዲያስብ እፈልጋለሁ።

መብቱ ባዶ ቃል አይደለም። ጉግል ፎቶዎችን በነጻ ያለ ገደብ ማስቀመጥ የሚቻልበትን አሠራር እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አቁሞ አዳዲስ ፎቶዎችን በነጻው 15 ጊጋባይት ውስጥ መቁጠር ጀመረ። ድሮፕቦክስም እ.ኤ.አ. በ2019 ነጻ ተጠቃሚዎቹን በሦስት መሣሪያ ወሰናቸው። ኩባንያዎቹ ይህን ማድረጋቸው መብታቸው ነው፤ ዕቃው ያለው እነሱ መጋዘን ውስጥ ነውና። ፋይሉ በራስ ይዞታ ሲሆን ግን ቦታው የሚያልቀው የገዛነው ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ብቻ ነው።

አሠራሩን ለማየት ሲንክቲንግ የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ። ያኮብ ቦርግ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበ፣ ነጻና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። በአንድ መሣሪያ ላይ ሲጫን ለዚያ መሣሪያ ብቻ የሆነ ረጅም የፊደልና የቁጥር መለያ ያወጣል። ኮምፒውተሩ የስልኩን መለያ፣ ስልኩም የኮምፒውተሩን መለያ ካልተቀበሉ በመካከላቸው አንድም ፋይል አያልፍም። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ፋይል በትንንሽ ክፍሎች ተከፍሎ ይላካል፤ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ግማሹ ሄዶ መብራት ቢጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ የደረሱት ክፍሎች እንደገና አይላኩም። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ በራውተሩ በኩል ተገናኝተው በቀጥታ ይለዋወጣሉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም፣ ከፓኬጁም አንድ ሜጋባይት አይቀነስም። ለኢትዮጵያ አንባቢ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በኩባንያ ሰርቨር በኩል የሚመሳሰል ሁሉ ይቆማል፤ በአንድ ቢሮ ውስጥ በራውተር የተያያዙ ኮምፒውተሮች ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዱ መሣሪያ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሲሆን በእርግጥ ኢንተርኔት ግድ ነው። ቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው ፋይሉ በአቀባይ ሰርቨር በኩል ያልፋል፤ ተመስጥሮ ስለሚሄድ አቀባዩ ይዘቱን ማንበብ አይችልም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ትልቅ ኩባንያ ከእኔ በተሻለ ይጠብቀዋል» የሚል ነው። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ግዴታውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማመሳሰል መጠባበቂያ ቅጂ ከመያዝ የተለየ ሥራ ነው። ስልኳ ሞልቶባት የጥምቀትን ፎቶዎች ከስልኳ የሰረዘች ሴት፣ ፎልደሩ ከኮምፒውተሯ ጋር የተመሳሰለ ከሆነ፣ ከኮምፒውተሩም ሰርዛቸዋለች። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርግ ተብሎ አድርጓል። መፍትሔው ኮምፒውተሩ ላይ የቀድሞ ቅጂዎችን የማቆየት ምርጫ ማብራት ነው። ያኔ ከሌላ መሣሪያ በመጣ ትእዛዝ የተሰረዘ ወይም የተለወጠ ፋይል ለብቻው ወደተለየ ፎልደር ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፦ ይህ ጥበቃ የሚሠራው ከሌላ መሣሪያ ለመጣ ለውጥ ነው፤ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ በገዛ እጃችን የሰረዝነውን አያስቀርልንም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በየጊዜው እየተሰካ የሚሞላ ሌላ ሃርድ ዲስክ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው ፋይሉን ለኩባንያ ቢተው ይሻለዋል፤ ይህን የምለው ዘዴውን እየወደድኩት ነው። ስልክ ቢሰረቅስ? ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቅጂ ይተርፋል፤ የተሰረቀውንም ከመለያዎቹ ዝርዝር ማውጣት ይቻላል። ቀድሞ ስልኩ ላይ የወረደው ግን ከሩቅ አይጠፋም፤ የሚጠብቀው ጠንካራ የስክሪን ቁልፍ ብቻ ነው።

ሌላው ተቃውሞ አስቸጋሪነቱ ነው፤ እሱንም አላቃልለውም። መሐል ላይ ፋይሉን ይዞ የሚጠብቅ ሰርቨር ስለሌለ ሁለቱም መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ በርተው መገናኘት አለባቸው፤ መብራት በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ ራስቤሪ ፓይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ጥቂት መብራት ብቻ እየበላ ሌት ተቀን ቢበራ ችግሩን ያቃልላል፤ ወጪው ግን የባለይዞታው ነው። ሁለት ሰዎች ሳይገናኙ አንድን ሰነድ ቢያርሙ ፕሮግራሙ የአንዱን ስም ለውጦ፣ ቀንና ሰዓት ጽፎበት ሁለቱንም ያስቀምጣል፤ የትኛው ይጽና የሚለውን ሰው አንብቦ ይወስናል። በአይፎን ላይ የጀርባ ሥራ በጥብቅ ስለሚገደብ ማመሳሰሉ ይጓተታል። የአንድሮይዱን መተግበሪያ ደግሞ ዋናዎቹ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ማውጣት አቁመዋል፤ ለዚህም የጉግል ፕሌይን አስቸጋሪ መስፈርቶችና የሚንከባከበው ሰው መጥፋቱን ምክንያት አድርገዋል። ኮዱ ክፍት ስለነበር ግን ሌሎች በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን ቅርንጫፍ ይዘው ቀጥለዋል። የተዘጋ የኩባንያ አገልግሎት ቢሆን ተጠቃሚው ይህ ዕድል አይኖረውም ነበር። አዲስ ጀማሪ የሠርጉን ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ባይነሳ ጥሩ ነው፤ ቢጠፋ የማይጎዳውን አንድ ፎልደር ለጥቂት ሳምንት ያመሳስል፣ ሆን ብሎም ከአንዱ በኩል ይሰርዝና ከሌላው በኩል የሚሆነውን ይመልከት።