ወረርሽኝ ሲመጣ የልብ ድካም ያለበት ሰው ምን ይገጥመዋል? ከኅዳር በሽታ እስከ ኮሮና



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ዕለትን ታስታውሳላችሁ? በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረን በዚያ ቀን ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ወሩ ሳያልቅ፣ መጋቢት 30 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። "እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ፣ ከቤት አትውጡ" ተባልን። ምክሩ ትክክል ነበር። ግን በየወሩ የሆስፒታል ቀጠሮ ያለው፣ በየቀኑ ሦስት አራት ዓይነት መድኃኒት የሚውጥ የልብ ድካም ታማሚ "ከቤት አትውጡ" የሚለውን እንዴት ይረዳው?

ዛሬ ይህን ጥያቄ በታሪክ በኩል እንመልከተው። በቤታችሁ የልብ ታማሚ ካለ፣ ወይም ልጃችሁ የልብ ቫልቭ ችግር ካለበት፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በመጀመሪያ፣ የልብ ድካም ምንድን ነው?

የልብ ድካም ማለት ልብ ቆመ ማለት አይደለም። ልብ ደምን እንደሚገባው የመርጨት አቅሙ ሲቀንስ ነው። ያኔ ውሃ በሳንባ፣ በእግርና በሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ይተኛል፣ ጫማው ይጠበዋል።

እንዲህ ያለ ልብ መጠባበቂያ ጉልበት የለውም። ትኩሳት ሲነሳ ልብ በፍጥነት መምታት ይኖርበታል፤ ሳንባ ሲታመም ደግሞ ኦክስጅን ያንሳል። ለጤነኛ ሰው የአንድ ሳምንት ጉንፋን የሆነው ነገር ለደከመ ልብ ትልቅ ሸክም ነው።

1911 ዓ.ም.፦ የኅዳር በሽታ

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠልና ጭሱ ሰፈሩን ሲሞላው አይታችኋል። ይህ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። በዓለም ላይ በ1918 እ.ኤ.አ. የተነሳው ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተርፈዋል።

ያኔ የልብ ድካም ያለበት ሰው ምን ሕክምና ነበረው? በዓለም ትልልቅ ሆስፒታሎች እንኳ የነበረው ዋናው መድኃኒት እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ በ1785 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የአንድ ተክል ቅጠል ነበር። ዲጂታሊስ ይባላል፤ ዛሬ ዲጎክሲን ብለን የምናዝዘው መድኃኒት ዘመዱ ነው። እንደ ዛሬው ያለ የሚያሸና እንክብል አልነበረም። አንቲባዮቲክም አልነበረም።

ስንት የልብ ታማሚ በኅዳር በሽታ እንደሞተ የቆጠረ የለም። ነገር ግን በ1932 እ.ኤ.አ. ሰልዊን ኮሊንስ የተባሉ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የሞት መዝገቦችን ሲመረምሩ አንድ ነገር አገኙ። የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር "በልብ ሕመም ሞተ" ተብሎ የሚመዘገበው ሰውም አብሮ ይጨምራል። ማለትም ወረርሽኙ የሚገድለው በራሱ ስም ብቻ አይደለም፤ በልብ ሕመም ስምም ይገድላል።

1987 እ.ኤ.አ.፦ አንዲት ትንሽ እንክብል

ከዚያ በኋላ የልብ ድካም ሕክምና ብዙ ተለወጠ። እናንተ "የሚያሸናኝ" የምትሉት ፉሮሴሚድ (ላሲክስ) መጣ። በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን አውሮፓ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድንና በፊንላንድ፣ በጣም የጠና የልብ ድካም ባለባቸው 253 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ኢናላፕሪል ካልወሰዱት ከ100 ሰዎች 44ቱ ሲሞቱ፣ ከወሰዱት ግን 26ቱ ሞቱ።

ብዙዎቻችሁ በየቀኑ የምትውጧት ያቺ ርካሽ እንክብል ማለት ይህች ናት። በ1911 ዓ.ም. በነበረው ታማሚና በዛሬው ታማሚ መካከል ያለው ልዩነት በከፊል በእጃችሁ ባለው የመድኃኒት ከረጢት ውስጥ ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም.፦ መድኃኒቱን ያስጣለ ወሬ

አሁን ወደ ኮሮና እንመለስ። ቫይረሱ ወደ ሰውነታችን ሴል የሚገባው ኤሲኢ-2 በሚባል በር በኩል ነው። በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ አጭር ደብዳቤ አንድ ጥርጣሬ አነሳ፤ እንደ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ያሉ መድኃኒቶች ይህን በር ያበዙት ይሆን? ጥርጣሬ ነበር እንጂ ማስረጃ አልነበረም። ግን ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ በፍጥነት ተዛመተ፤ "የግፊትና የልብ መድኃኒት ኮሮናን ያባብሳል" እየተባለ።

በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ በተነገረበት በዚያው ቀን፣ መጋቢት 4፣ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር "መድኃኒታችሁን አታቋርጡ" የሚል መግለጫ አወጣ። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራትም በቀናት ውስጥ ተከተሉ።

ለምን እንዲህ ቸኮሉ? ማቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ነው። ከወረርሽኙ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት በለንደን የተደረገ ጥናት፣ የልብ ጡንቻቸው ተዳክሞ በሕክምና ያገገሙ 51 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። መድኃኒታቸውን እንዲያቆሙ ከተደረጉት 25 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ የ11ዱ ሕመም ተመለሰ። መድኃኒታቸውን ከቀጠሉት ግን በዚያ ጊዜ የአንድም ሰው ሕመም አልተመለሰም።

ስለ ኮሮናው ጥያቄም መልስ ተገኘ። በብራዚል በኮሮና ሆስፒታል የገቡና እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዱ የነበሩ 659 ሰዎች፣ አብዛኞቹ የደም ግፊት ታማሚዎች፣ በሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ለ30 ቀን አቆሙ፣ ግማሾቹ ቀጠሉ። ማቆም ምንም ጥቅም አላስገኘም። ወሬው ስህተት ነበር። ግን መልሱ እስኪመጣ ወራት አለፉ፤ በእነዚያ ወራት በፍርሃት መድኃኒቱን ለጣለ ሰው መልሱ ዘግይቷል።

ሆስፒታሎች ጸጥ ሲሉ

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ድምፅ አልነበረውም። በጣሊያን 54 ሆስፒታሎች በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ አንድ ሳምንት ያስገቧቸውን ታማሚዎች ካለፈው ዓመት ጋር አነጻጸሩ። በልብ ድካም የገቡት ወደ ግማሽ ቀንሰው ነበር። የልብ ድካም በአንድ ሳምንት ውስጥ በግማሽ ጠፋ እንዴ? አልጠፋም። ሰዎቹ ቤታቸው ነበሩ። በለንደንም እንዲሁ በልብ ድካም የሚመጡት ጥቂቶች ሆኑ፤ የመጡትም ከወትሮው ይልቅ ሕመሙ የጠናባቸው ነበሩ።

በእኛ አገርስ? "ሆስፒታል ከሄድኩ ኮሮና ይይዘኛል" ብሎ ቀጠሮውን ያሳለፈ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወደ ቤት ሲገባ፣ አንዳንዱ ቤት የልብ መድኃኒቱ አልቆ ነበር። ለቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቁ ለነበሩ ልጆች ደግሞ ከውጭ የሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖች ጉዞ መቋረጡ ተራውን አራዘመው።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ለሚታየው የልብ ድካም ዋነኛ መንስኤ በሚገባ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም (ቶንሲል) የሚያስከትለው የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። እነዚህ ልጆች በየወሩ የሚወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ሕመሙ እንዳያገረሽ ይጠብቃቸዋል። ያለፈ መርፌ ማለት ለተወሰኑ ቀናት በር ሳይቆለፍ ማደር ማለት ነው።

ታዲያ ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

ወረርሽኝ ለልብ ታማሚ ሁለት አደጋ ይዞ ይመጣል። አንደኛው በሽታው ራሱ ነው። ሁለተኛው የሕክምና መቋረጥ ነው። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ መቆጣጠር አይቻልም። ሁለተኛውን ግን በአብዛኛው እንችላለን። ስለዚህ ወረርሽኝ ሳይመጣ ከአሁኑ ተዘጋጁ፦

1. መድኃኒት በወሬ አይቆምም። ያዘዘላችሁን ሐኪም ሳትጠይቁ አንድም እንክብል አትተዉ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ ግን ለሐኪማችሁ ቶሎ ደውሉ፤ የአንዳንዱ መድኃኒት መጠን ለጊዜው ሊስተካከል ይችላል።

2. በቤት ውስጥ መጠባበቂያ ይኑር። በሚቀጥለው ቀጠሮ "ከአንድ ወር በላይ የሚበቃ መድኃኒት ማግኘት እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ።

3. በየጠዋቱ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመራችሁ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው። ቀጠሮ አትጠብቁ።

4. ለትኩሳትና ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትውሰዱ። ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ የልብ ድካምን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ብዙ ሶዲየም ስላለው እሱን ተዉት።

5. የልጃችሁ የመርፌ ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይከበብ። የምትሄዱበት ጤና ተቋም ካልሰራ፣ መርፌው የት እንደሚሰጥ በዚያው ቀን ጠይቁ።

6. የኢንፍሉዌንዛና የኮሮና ክትባት በምትኖሩበት አገር የሚገኝ ከሆነ ሐኪማችሁን አማክሩና ውሰዱ። በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ አስታውሱላቸው።

7. በእረፍት ላይ ሳላችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ጋደም ማለት ካቃታችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። "ከቤት አትውጡ" የሚለው ምክር ለዚህ ቀን አልተነገረም።

በ1911 ዓ.ም. የነበሩት ወገኖቻችን ቆሻሻ ከማቃጠልና ከመጸለይ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። እኛ ግን አለን። ዛሬ ማታ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን የመድኃኒት ከረጢት ክፈቱና የስንት ቀን እንደቀረ ቁጠሩ።

ጥያቄ ካላችሁ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። የልብ ታማሚ ላለበት ቤተሰብም አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!